ኮሎኔል አለን አለንስወርዝና በስማቸው የተቆረቆረችው መንደር

በዚህ ዓመት ለአባሎቻችን የአንድ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ልናቀርብ አስበናል። ሰውየው ኮሎኔል አለን አለንስወርዝ ይባላሉ። ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን የሚያውቃቸው ብዙ ሰው ያለ አይመስለንም። ለእድራችን መጽሔት የመረጥናቸው ያለ ነገር አይደለም። እኒህ ሰው ካረጁ በኋላ ሰው አሰባስበው፣ መሬት ገዝተው፣ ከንቲባም ማዘጋጃ ቤትም የሌላት አንዲት የገጠር መንደር ቆርቁረዋል። መንደሯ የቆመችው በማኅበር፣ በስብሰባና በመዋጮ ነው። የእሷ ነገር የእኛን የእድርተኞችን ጆሮ ያቆማል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን።

ኮሎኔሉ የተወለዱት በኤፕሪል 7 ቀን 1842 በኬንታኪ ክፍለ ሀገር፣ ሉዊቪል በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው ሌቪ እናታቸው ፊሊስ ሁለቱም ባሪያዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሕግ ባሪያ የወለደችው ልጅ የእናቲቱ ጌታ ንብረት ነውና አለንም ከማኅፀን ሳይወጡ የሰው ንብረት ሆኑ ማለት ነው። ከ13 ልጆች የመጨረሻው እሳቸው ነበሩ። ከታላላቆቻቸው ገሚሱ ተሸጦ፣ ገሚሱ ጠፍቶ ቤቱ ተበትኗል። እናትየው ለመጨረሻ ልጃቸው ስም ሲያወጡ ከባርነት ወጥተው የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱትን የሪቻርድ አለንን ስም መረጡ። ልጄ ፊደል ይቁጠር፣ ሰባኪም ይሁንልኝ የሚል ምኞት ነበራቸው። ለባሪያ ልጅ ይህ ትልቅ ምኞት ነው፤ በጌቶቹ ዘንድ ባሪያን ማስተማር እንደ ጥፋት ይታይ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ያኔ እኚህን ልጅ አንቱ የሚላቸው ሰው አልነበረም። ነጭ ሕፃን ሳይቀር እንዳሻው ያዛቸው ነበር። እኛ ግን ከልጅነታቸው ጀምረን አንቱ ብለን ልንጽፍላቸው ወስነናል። አንባቢ ካልለመደው ይታገሠን።

አለን ለጌታቸው ልጅ ለቶማስ አጫዋች ተደርገው ተሰጡ። ቶማስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የትምህርት ቤት ጨዋታ ይወድ ነበር፤ እሱ አስተማሪ፣ አለን ተማሪ። ልጆች ናቸው፣ ጨዋታ ነው። ግን በዚያ ጨዋታ አለን ፊደል ለዩ። ከዚያ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን የሆነች ሴትዮ ዘንድ ተቀምጠው ጥቂት ተጨማሪ ተማሩ። ነገሩ ሲታወቅ እመቤቲቱ ከዚያ አስነሥተው በወንዙ ታች ሄንደርሰን ወዳለ የእርሻ ቦታ ሰደዷቸው። እዚያ ደግሞ መጽሐፍ መንካት ጅራፍ ያስከትል ጀመር። 13 ዓመት ሲሆናቸው ወደ ካናዳ ለመኮብለል ሞከሩ፤ ተያዙ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ተያዙ። በመጨረሻ ኒው ኦርሊንስ ወርደው ተሸጡ። የገዛቸው ሰው ፈረስ የሚያሽቀዳድም ነበርና ቀጭን ገላቸውን አይቶ የሽቅድምድም ፈረስ ጋላቢ አደረጋቸው።

በ1861 በሰሜኑና በደቡቡ መካከል ጦርነት ተነሣ። የፈረስ ግልቢያው ሥራ ደግሞ አለንን ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ሉዊቪል መልሷቸው ነበር። ከከተማዋ አጠገብ የሰሜን ወታደሮች ሰፍረዋል። አለን ከ44ኛው የኢሊኖይ እግረኛ ጦር የሕክምና ክፍል ሰዎች ጋር ተዋወቁና በ1862 የልባቸውን አጫወቷቸው። ወታደሮቹም ዘዴ መከሩ። አንድ ያረጀ የወታደር ካፖርት አለበሷቸው፤ ፊታቸውን በጭቃ ቀቧቸው፤ ከዚያ ከሰልፉ መካከል አስገብተው ይዘዋቸው ሄዱ። ሰልፉ የሉዊቪልን መንገድ አቋርጦ ሲያልፍ የሚያውቋቸው ሰዎች ዳርና ዳር ቆመው ይመለከቱ ነበር። ማንም አልለያቸውም። ሁለት ጊዜ በሌሊት ሮጠው ያልቀናቸው ሰው በጠራራ ፀሐይ በሰው ፊት ተራምደው ነፃ ወጡ።

በጦሩ ሆስፒታል ቁስለኛ ሲያስታምሙ ቆይተው በ1863 ባሕር ኃይል ገቡ። በጦር ጀልባዎች ላይ እስከ 1865 አገለገሉ፤ ከተራ ሠራተኝነት ተነሥተው የበታች ሹም ማዕረግ አገኙ። ከጦርነቱ በኋላ ከወንድማቸው ከዊልያም ጋር ሴንት ሉዊስ ውስጥ ሁለት ምግብ ቤት ከፈቱ። ገበያው ቀንቷቸው ነበር ይባላል። ቢሆንም በዚያ አልረጉም። ሸጠው ወደ ሉዊቪል ተመለሱና ትምህርት ቤት ገቡ። ጢም አብቅለው ከልጆች ጋር በአንድ ወንበር ተቀመጡ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከዚያ ነፃ ለወጡ ባሪያዎች በተከፈቱ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። በ1871 የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆነው ተቀቡ፤ የእናትየው ምኞት ደረሰ ማለት ነው። በ1877 ጆሴፊን ሌቨል የተባሉትን የሙዚቃ መምህርት አግብተው ኢቫና ኔላ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። እናታቸው ፊሊስም በመጨረሻ ዘመናቸው ከእነሱ ጋር ኖረው በ1878 በልጃቸው ቤት ሆነው ዐረፉ። ልጆቻቸው ለተበተኑባቸው እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በአሜሪካ ጦር ውስጥ ጥቁሮች ለብቻቸው የተመደቡባቸው ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ወታደሩ ጥቁር ነው፤ መኮንኑ ነጭ፣ ቄሱም ነጭ። አለንስወርዝ ይህን ሲሰሙ ለጥቁር ወታደር ጥቁር ቄስ ያስፈልገዋል ብለው ደብዳቤ መጻፍና ደጅ መጥናት ያዙ። ዓመታት ፈጀባቸው። በ1886 ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ የ24ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ቄስ አድርገው ሾሟቸው። 20 ዓመት በዚህ ሥራ ኖሩ፤ ከኒው ሜክሲኮ በረሃ እስከ ዩታና ሞንታና ብርድ ከክፍለ ጦሩ ጋር ዞሩ።

ቄስ ይባሉ እንጂ ዋና ሥራቸው ማስተማር ነበር። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ የባሪያ ልጆች ስለነበሩ ስማቸውን እንኳ መጻፍ አይችሉም ነበር። ደመወዝ ሲቀበሉ ምልክት ያኖራሉ፤ ከቤት ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢ ይለምናሉ። አለንስወርዝ በየጦር ሰፈሩ ትምህርት ቤት አቋቁመው ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚሰጠውን ትምህርት በዝርዝር አወጡ፤ በ1889 ፎርት ቤያርድ ሳሉ ይህንኑ በትንሽ መጽሐፍ አሳተሙት። በ1906 ጡረታ ሲወጡ የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ከእሳቸው በፊት በአሜሪካ ጦር ውስጥ እዚህ ማዕረግ የደረሰ ጥቁር ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ዕድሜያቸው 64 ነው። ጡረታቸው አላቸው፣ ማዕረጋቸው አላቸው፣ ሎስ አንጀለስ ገብተው ቤት ይዘዋል። ሌላ ሰው ቢሆን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን ያነብ ነበር። እሳቸው ግን ከከተማ ከተማ እየዞሩ ጥቁሮች በራሳቸው እንዲቆሙ መስበክ ጀመሩ። በዚህ መካከል ፓሳዴና ላይ ዊልያም ፔይን ከተባለ መምህር ጋር ተገናኙ። ነፃ መውጣቱ በወረቀት ከታወጀ 40 ዓመት አልፏል፤ ግን ጥቁር ሰው በደቡቡ ድምፁን ተነጥቋል፣ ያለ ፍርድ ይሰቀላል፤ በካሊፎርኒያም ቢሆን ደህና መሬት የሚሸጥለት አያገኝም። ሁለቱ ሰዎች መከሩና ሌሎች ሦስት ሰዎች ጨምረው ማኅበር አቋቋሙ፤ አንዱ ሰባኪ፣ አንዱ ማዕድን ቆፋሪ፣ አንዱ የቤትና የመሬት ሽያጭ አዋዋይ ነበሩ። ሰብሳቢው ኮሎኔሉ፣ ጸሐፊው መምህር ፔይን ሆኑ። የእድር ሰው ይህን አደረጃጀት በደንብ ያውቀዋል።

ማኅበሩ ፓሲፊክ ፋርሚንግ ከተባለ የመሬት ኩባንያ ጋር ተዋውሎ በ1908 ቦታ አገኘ። ቦታው በሳን ዋኪን ሸለቆ፣ በቱሌሪ አውራጃ፣ ከቤከርስፊልድ ከተማ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚያልፈው የሳንታ ፌ ባቡር ሶሊቶ በሚባል ጣቢያ እዚያ ይቆም ነበር። ውሃው ከጉድጓድ በራሱ ኃይል ገንፍሎ ይወጣል፣ ዋጋው ረከስ ያለ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻጩ ለጥቁር ሰው እሸጣለሁ ብሏል። መንደሯን በኮሎኔሉ ስም አለንስወርዝ ብለው ሰየሟት። ከየክፍለ ሀገሩ ጥቁሮች፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮችም ጭምር፣ ቦታ እየገዙ መጡ። መንገዶቿን ከባርነት ጋር በታገሉ ሰዎች ስም ጠሯቸው፤ አንዱ መንገድ የፍሬድሪክ ዳግላስ፣ አንዱ የሶጆርነር ትሩዝ ሆነ።

ስለ አስተዳደሯ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ አንድ ሰፈር በሕግ ከተማ ተብሎ ካልተቋቋመ ከንቲባ፣ ምክር ቤት፣ የራሱ ፖሊስና የራሱ ግብር የለውም። በካርታ ላይ ስም ይኖረዋል፤ ትልልቁ ጉዳይ ግን የሚወሰነው አውራጃው ዋና ከተማ ላይ ነው። አለንስወርዝም እንዲህ ያለች መንደር ነበረች፤ ዛሬም ነች። ታዲያ ከንቲባ የላቸውም ማለት ሥርዓት የላቸውም ማለት አልነበረም። ማኅበሩ ስብሰባ ይጠራል፣ ጉዳይ ይቀርባል፣ ይከራከሩበታል፣ ይወስናሉ። ፖስታ ቤት፣ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመ። ትምህርት ቤት ተሠርቶ ፔይን ርእሰ መምህር ሆነ፤ ከትምህርት ቤቱ ቦርድ አባላት አንዷ ወይዘሮ ጆሴፊን ነበሩ። ወይዘሮዋ በዚህ አላበቁም። ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ቦታ ሰጥተው ቤቱ በእናታቸው ስም ተሠራና በጁላይ 4 ቀን 1913 ተመረቀ። ኮሎኔሉ የራሳቸውን መጻሕፍት አወጡና መደርደሪያው ላይ ደረደሩ። ፊደል በጨዋታ የለዩት ሰው! በ1914 ደግሞ ኦስካር ኦቨር የተባለው የመንደሩ ሰው በምርጫ አጥቢያ ዳኛ ልንለው የምንችለውን ሹመት አገኘ፤ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ለዚህ ሥራ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ፤ የመንደሯ ጣጣ ሁሉ እዚያ ነው ያለውና። ማኅበሩ መሬቱን ገዛ እንጂ ውሃውን አልገዛም። ውሃ የማቅረቡ ነገር በመሬት ሻጩ ኩባንያ እጅ ቀረ። ኩባንያው ለሚመጣው ሰው ሁሉ የሚበቃ ውሃ አቀርባለሁ ብሎ ተስማምቶ ነበር። የተቆፈረው ጉድጓድ ግን ሦስት ብቻ ሆነ፤ ነጮች የሚኖሩባት ጎረቤቲቱ አልፓ 10 ጉድጓድ ስታገኝ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው ጥቂት ስለነበረ ጎልቶ አልታየም። ሰው ሲበዛ፣ አልፋልፋውና የስኳር ቀይ ሥሩ ሲዘራ፣ በጋ ሲሆን ውሃው አልዳረስ አለ። ደግሞ የአካባቢው ትልልቅ እርሻዎች ውሃ በየቦታው ሲስቡት የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ታች ሸሸ፤ አፈሩም ጨው ያበቅል ጀመር። ነዋሪዎቹ ከኩባንያው ጋር ተካሰሱ። የውሃው ድርጅት በመጨረሻ ወደ እነሱ እጅ ገባ፤ ግን ሲረከቡት መሣሪያው ያረጀ፣ ግብሩ ያልተከፈለ ሆኖ አገኙት። አሸነፉ ይባል ወይስ ዕዳ ገዙ ይባል፣ እንጃ። ጀሪካን ደርድሮ ሌሊት ቧንቧ የጠበቀ ሰው የእነዚህን ገበሬዎች ሆድ ያውቀዋል።

ባቡሩም እንዲሁ በሰው እጅ ነበር። መንደሯ ገንዘብ የምታገኘው በጣቢያው ነው፤ የአካባቢው ገበሬ እህሉን እዚያ ይጭናል፣ መንገደኛው ሆቴሏ ያድራል። ይሁንና የባቡሩ ኩባንያ በጥቁሮች መንደር እንኳ ጥቁር የጣቢያ ሹም አልቀጥርም አለ። ቀጥሎ በ1914 ወደ አልፓ የሚገባ ቅርንጫፍ ሐዲድ ዘርግቶ ጭነቱን ወደዚያ አዞረው። ባቡሩ አለንስወርዝን እያየ የሚያልፋት ሆነ።

ኮሎኔሉ ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ይሆናል ያሉት ትልቅ የሙያ ትምህርት ቤት ነበር። ቡከር ዋሽንግተን አላባማ ውስጥ በተስኪጊ እንዳቋቋሙት ያለ፣ የእርሻና የእጅ ሥራ የሚሰጥበት፣ ገንዘቡን መንግሥት የሚያወጣለት ትምህርት ቤት በመንደሩ እንዲቆም ጠየቁ። ተማሪው ከመጣ ሱቁም ሆቴሉም ይድናል፤ መንግሥት ካለበት ውሃውም ይመጣል የሚል ስሌት ነው። የሚገርመው ተቃውሞው ከነጮች ብቻ አልመጣም። የሎስ አንጀለስ ጥቁሮች ለጥቁር ብቻ የተለየ ትምህርት ቤት ከተሠራ ከሌላው ትምህርት ቤት ሊያስወጡን ነው ብለው ተነሡ። በእኛ አስተያየት የሁለቱም ወገን ፍርሃት እውነት ነበረው። ከተሜው ያገኛትን ጥቂት መብት እንዳያጣ ይሰጋል፤ ገጠሬው ደግሞ መብቱን ይዞ በጥማት ሊሞት ነው። አንዱን ከሃዲ ሌላውን ጀግና ለማለት አንደፍርም። ሐሳቡ በ1915 ምክር ቤት ቀርቦ ወደቀ።

ኮሎኔሉ ይህን አላዩም። በሴፕቴምበር 1914 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ወዳለችው ሞንሮቪያ በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሊሰብኩ ሄዱ። መንገድ ሲያቋርጡ ሁለት ወጣቶች የሚነዱት ሞተር ሳይክል ገጫቸው፤ ከዚያው አልተነሡም። 72 ዓመታቸው ነበር። ባርነትን፣ ጅራፍን፣ ጦርነትን፣ የበረሃ ሰፈርን አልፈው በሰላም አገር፣ በእግራቸው ወደ ስብከት ሲሄዱ በሞተር ሞቱ። ምን ይባላል። ጸሎታቸው በሎስ አንጀለስ ሁለተኛ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተደርሶ እዚያው ሮዝዴል መካነ መቃብር ተቀበሩ። እኛ የቀብር ነገር ሥራችን ነውና ይህን ልብ ብለናል፤ የመንደሯ መሥራች በመንደራቸው አፈር አላረፉም፤ መቃብራቸውና መንደራቸው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ።

ከዚያ ወዲያ አለንስወርዝ አንድ ቀን አልወደቀችም፤ ጥቂት በጥቂት ሳሳች እንጂ። ወይዘሮ ጆሴፊን ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለሱ። ፔይንም ኦቨርም በየተራ ሄዱ። ወጣቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የከተማ ፋብሪካ ሥራ ሲከፈትለት ወጣ። በ1966 ደግሞ በመጠጥ ውሃው ውስጥ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ተገኘ። ያልፈረሱት ጥቂት ቤቶች ሊፈርሱ ነው ተባለ። በዚህ ጊዜ ልጅነቱን በዚያች መንደር ያሳለፈ ኤድ ፖፕ የተባለ የክፍለ ሀገሩ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቦታው ታሪካዊ ቅርስ ይሁን ብሎ ማመልከቻ ጀመረ። ሲወተውት ቆይቶ በ1974 መንግሥት ቦታውን የታሪክ ፓርክ አደረገው። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የኮሎኔሉ መኖሪያ ቤት እንደ ቀድሞው ሆነው ተሠሩ። የጥንቶቹ ነዋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በየጊዜው ከየከተማው እየመጡ እዚያ ይሰበሰባሉ።

ከፓርኩ በስተ ደቡብ ያለችው መንደር ግን ፓርክ አይደለችም፤ ሰው ይኖርባታል። በ2020 ቆጠራ 500 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ የሚበዙት ከሜክሲኮ ዘር የሆኑ የእርሻ ሠራተኞች ናቸው። ከንቲባ አሁንም የላትም። ከጉድጓዷ የሚወጣው ውሃ አርሴኒክ ስላለበት ብዙው ቤት የሚጠጣውን ውሃ ከሩቅ ከተማ ገዝቶ ያመጣ ነበር። በመጋቢት ወር 2023 ዝናቡ በርትቶ፣ ለእርሻ ተብሎ የደረቀው የቱሌሪ ሐይቅ ተመልሶ ሲሞላ ደግሞ ጎርፉ ወደ መንደሯ መጣ። መንግሥት ቤታችሁን ለቃችሁ ውጡ ብሎ አዘዘ። ብዙዎቹ አልወጡም። አካፋና የአሸዋ ጆንያ ይዘው ሌሊት በባትሪ ብርሃን ግድቡን ሲደፍኑ አደሩ። መንደሯም ሳትሰጥም ቀረች።